ነቀዝ ሲባል የትኛው? ስለ ሁለቱ የቦሎቄ ጥንዚዛዎች የቀረበ አስተያየት

ከልማት ጣቢያዎች ወደ ምርምር ማዕከል የሚላኩትን የተባይ ሪፖርቶች ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በቆሎ ተበላ፣ ነቀዝ። ሽምብራ ተበሳ፣ ነቀዝ። ቦሎቄ ዱቄት ሆነ፣ አሁንም ነቀዝ። ገበሬው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም፤ ለእርሱ የተበላ እህል የተበላ እህል ነው። ነገር ግን መድኃኒቱን የሚመክረው የልማት ሠራተኛና ምክሩን የሚጽፈው ተመራማሪ በዚያው አንድ ቃል ሲረኩ ጉዳቱ ተመልሶ በገበሬው ጎተራ ላይ ያርፋል። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው በቦሎቄ ላይ ብቻ ነው። ቦሎቄን በጎተራ የሚያጠፉት ጥንዚዛዎች ሁለት ናቸው፤ ጠባያቸውም የተለያየ ነው። ለአንደኛው የሚጠቅመው ምክር ለሁለተኛው ከንቱ፣ አንዳንዴም ጎጂ ነው። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ምክር መስጠት መቆም አለበት የሚል አስተያየት አለኝ።

ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት ቀዝቀዝ ባለ የወይና ደጋ ቀበሌ ለነበሩ ገበሬዎች፣ ለቤት የሚያስቀምጡትን ቦሎቄ ሳይወቁ ከነቆባው፣ ማለትም ፍሬውን ከሚሸፍነው ልባስ ጋር፣ እንዲያቆዩ መክሬ ነበር። ምክሩ በቆላ ሠርቶ አይቼዋለሁ። የወይና ደጋዎቹ ገበሬዎች ቃሌን አምነው፣ ሌላ ጊዜ በኅዳር ወቅተው የሚያስገቡትን ቦሎቄ ሳይወቁ ከመሩት። በየካቲት ቆባው ሲከፈት አብዛኛው ፍሬ እንደ ወንፊት ተበስቶ ተገኘ። አንዲት እናት ከዚያ ክምር አንድ እፍኝ ዘግነው መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝና ምንም ሳይናገሩ ወደ ቤታቸው ገቡ። ለዘር ያሰቡት ነበር።

የተሳሳትኩት ምኑ ላይ ነበር? ቆባው የሚከላከለው አንደኛውን ጥንዚዛ ብቻ መሆኑን እያወቅሁ፣ በዚያ ቀበሌ ያለው የትኛው እንደሆነ አለመጠየቄ ላይ ነበር።

እንግዲህ ሁለቱን እንያቸው። ሳይንሳዊ ስማቸው ዛብሮተስ ሰብፋሺያተስ እና አካንቶሴሊደስ ኦብቴክተስ ይባላል። የመጀመሪያው በተለምዶ የሜክሲኮ ቦሎቄ ነቀዝ፣ ሁለተኛው ደግሞ እንዲያው የቦሎቄ ነቀዝ ይባላል። እነዚህ ስሞች በስብሰባ ላይ አፍ ስለሚያስሩ፣ ከዚህ በኋላ ከጠባያቸው ተነሥቼ አንደኛውን ለጣፊ፣ ሁለተኛውን በታኝ እላቸዋለሁ። ሁለቱም ከቦሎቄ ጋር ከአሜሪካ ክፍለ ዓለም የመጡ ናቸው። እንደ በቆሎ ነቀዝ ረጅም አፍንጫ የላቸውም። ክንፍ ካወጡ በኋላም እህል አይበሉም፤ ሥራቸው መጋባትና ዕንቁላል መጣል ብቻ ሆኖ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሞታሉ። ቦሎቄውን የሚበላው በፍሬው ውስጥ የሚያድገው እጭ ነው።

የለጣፊዋ እንስት ዕንቁላሏን አንድ በአንድ በፍሬው ቆዳ ላይ አጥብቃ ታጣብቃለች። ዕንቁላሉ በጣት ቢታሽ አይለቅም። እጩ ሲፈለፈል ወደ ውጭ አይወጣም፤ ከተጣበቀበት ቦታ በቀጥታ ወደ ታች ቆዳውን በስቶ ይገባል። ሲበሳ ያወጣው ዱቄት ባዶውን የዕንቁላል ቅርፊት ስለሚሞላው ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ይህን ልብ በሉ። ያልተፈለፈለ ዕንቁላል ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ በቀላሉ አይታይም። ነጩ ነጥብ ደምቆ በታየ ጊዜ ግን ሌባው ቤት ገብቷል ማለት ነው። ለጣፊዋ የምትፈልገው የተራቆተ ፍሬ ነው፤ ባልተሰነጠቀ ቆባ ውስጥ ያለውን ፍሬ አታገኘውም። ስለዚህ በዋናው የጎተራ ተባይ ናት፤ ማሳ ላይ እምብዛም አትታወቅም።

የበታኟ ጠባይ ከዚህ የተለየ ነው። ዕንቁላሏን የትም አታጣብቅም፤ በፍሬዎቹ መካከል ዝም ብላ ትበትነዋለች። ማሳ ላይ ደግሞ ቆባው መድረቅና መሰንጠቅ ሲጀምር በስንጥቁ ወይም ራሷ በምትከፍተው ቀዳዳ ዕንቁላሏን ወደ ውስጥ ታስገባለች። ጥሩ በራሪ ስለሆነች ከጎተራ ወጥታ ማሳ ድረስ ትሄዳለች። ከዕንቁላሉ የሚወጣው እጭ እግር ያለው ነው። በፍሬዎቹ መካከል እየተንከላወሰ የሚመቸውን ይመርጣል፤ ከዚያም ጀርባውን በአጠገቡ ባለው ፍሬ ላይ ደግፎ ይበሳል። የሚበሳው ቀዳዳ እጅግ ትንሽ ስለሆነ በዓይን አይታይም። በዚህ ምክንያት ከማሳ ተበክሎ የመጣ ቦሎቄ በርክክብ ቀን ንጹሕ መስሎ ይገባል፤ ከወር ገደማ በኋላ ግን ጥንዚዛው ከውስጥ ክብ መስኮት ከፍቶ ይወጣል። በአንድ ፍሬ ውስጥ ብዙ እጮች አብረው ሊያድጉ ይችላሉ።

በመልክም ይለያያሉ። ለጣፊ ክብ ያለና ትንሽ ነው፤ ርዝመቱ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በታኝ ሞላላና ትልቅ ሆኖ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ መልኩ ግራጫ ቡናማ፣ የጅራቱ ጫፍ ቀላ ያለ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አንድ ትጉህ የልማት ሠራተኛ በሁለት ጠርሙስ ሁለት ዓይነት ነቀዝ ለይቶ አመጣልኝ። በአንደኛው ያሉት ጥቁር ሆነው በጀርባቸው ላይ ነጣ ያሉ ነጥቦች ነበሯቸው፤ በሁለተኛው ያሉት አነስ ያሉና ወጥ ቡናማ ነበሩ። ሁለቱም ለጣፊ ነበሩ፤ የፊተኞቹ እንስቶች፣ የኋለኞቹ ወንዶች። ሠራተኛው አፈረ፤ ማፈር አልነበረበትም። ከሪፖርቱ ሁሉ አስተውሎ ያየው የእርሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በቀለም አትመኑ፣ በዕንቁላሉ እመኑ እላለሁ። በፍሬው ቆዳ ላይ የማይለቅ ነጭ ነጥብ ካለ ለጣፊ አለ። ፍሬው ተበስቶ ነጭ ነጥብ ከሌለው፣ በወንፊቱ ሥር ከወረደው ብናኝ ውስጥ ሞላላ ነጫጭ ዕንቁላሎች ከታዩ፣ በታኝ ነው። ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጎተራም አለ።

የሚኖሩበት አካባቢም ፍንጭ ይሰጣል። ለጣፊ ሙቀት ይወዳል፤ በስምጥ ሸለቆ ቦሎቄ አምራች አካባቢዎች ጎተራ ውስጥ በብዛት የሚታወቀው እርሱ ነው። በታኝ ቀዝቃዛውን ይበልጥ ይችላል፤ ከፍ ባሉ ቦታዎች ይበረታል። በመካከለኛው ከፍታ ድንበራቸው ይደበላለቃል፤ ስለዚህ ከፍታ ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። በሞቃት ቦታ ሁለቱም ከዕንቁላል እስከ ጥንዚዛ ለመድረስ አራት ሳምንት ገደማ ይበቃቸዋል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘገያሉ። አንዲት እንስት 40 ዕንቁላል ጥላ 10ሩ ብቻ ቢያድግ፣ ከእነዚህም ግማሾቹ እንስቶች ቢሆኑ፣ በአራተኛው ትውልድ 625 እንስቶች ይሆናሉ። ይህም ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ነው። ገበሬው ቦሎቄውን ዋጋ በወደቀበት በመኸር ወቅት አራግፎ የሚሸጠው ለምን እንደሆነ ለሚጠይቅ፣ አንዱ መልስ ይህ ስሌት ነው። ገበሬው በቁጥር ባያሰላውም ያውቀዋል።

አሁን ወደ ምክሩ እንምጣ፤ ልዩነቱ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ነውና።

ለበታኝ ዋናው ሥራ ያለው ማሳ ላይ ነው። ቆባው ሲደርቅ ሳይዘገዩ መሰብሰብ፣ በማሳም በአውድማም ከምሮ አለማቆየት፣ ቶሎ ወቅቶ በወንፊት መንፋት ያስፈልጋል። ዕንቁላሉና ገና ያልገባው እጭ ከፍሬው ጋር ስላልተጣበቁ ከብናኙ ጋር ይወርዳሉ። ብናኙን አውድማው ዳር መድፋት ግን ተባዩን መልሶ መዝራት ነው፤ ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር። ከነቆባው ማቆየት ለዚህኛው ጥንዚዛ ድግስ ነው፤ እኔ የደገስኩት ያንን ነበር።

በታኝን በሚመለከት እጅግ የምወደው አንድ ዘዴ አለ፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሰሚ ግን አላገኘም። እጩ ቆዳውን በስቶ ለመግባት አንድ ቀን ያህል ይፈጅበታል ብያለሁ ባይባልም፣ ረጅም ሰዓት እንደሚወስድበትና ጀርባውን በሌላ ፍሬ ላይ መደገፍ እንዳለበት የታወቀ ነው። በመካከሉ ፍሬዎቹ ቢንቀሳቀሱ ድጋፉን ያጣል፤ የጀመረውን ቀዳዳ ትቶ እንደገና ይጀምራል፤ ደጋግሞ ሲጀምር አቅሙ አልቆ ይሞታል። በአሜሪካ አገር በሚሺጋን የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት፣ ቦሎቄ የያዘን ዕቃ በየ8 ሰዓቱ ለአጭር ጊዜ ማንከባለል የዚህን ጥንዚዛ ቁጥር በ97 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ለዘር የተቀመጠ አንድ ጣሳ ወይም ግማሽ ጆንያ ቦሎቄ ያለው ቤተሰብ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ሊያገላብጠው ይችላል፤ ልጆችም ይሠሩታል። ዕቃው እስከ አፉ ከሞላ ግን ፍሬው አይንቀሳቀስም፤ ግማሽ ያህል ይሁን። ይህንኑ ዘዴ በለጣፊ ላይ መሞከር ድካም ብቻ ነው። እጩ በተጣበቀው ዕንቁላል ሥር ተደግፎ ስለሚበሳ ጆንያው ቢንከባለል ግድ የለውም።

ለለጣፊ ጦርነቱ ያለው ጎተራ ውስጥ ነው። አዲሱ ምርት ከመግባቱ በፊት የአምናው ቅሪት አንድ ፍሬ ሳይቀር መውጣት አለበት፤ አሮጌ ጆንያ መራገፍና በፈላ ውኃ መነከር፣ የግድግዳው ስንጥቅ መመረግ ይኖርበታል። ለቤት ፍጆታ የሚሆነውን፣ ቆባው ካልተሰነጠቀ፣ ሳይወቁ ማቆየት እዚህ ጥሩ ምክር ነው። ለዘር ወይም ለወጥ የሚቀመጠውን ትንሽ መጠን በምግብ ዘይት ማሸትም ይረዳል፤ ልኩ ለአንድ ኪሎ ቦሎቄ 5 ሚሊ ሊትር፣ ለአንድ ኩንታል ግማሽ ሊትር ነው። ዘይቱ የተጣበቀውን ዕንቁላል ያፍነዋል። ነገር ግን ነጩ ነጥብ ከመታየቱ በፊት፣ በተወቃ በጥቂት ቀናት ውስጥ መሆን አለበት። እንደ ዛሬው የዘይት ዋጋ ይህን ለኩንታሎች አልመክርም፤ ለውጭ ገበያ በሚቀርበው ነጭ ቦሎቄ ላይም አይደረግም። መንፋት ክንፍ ያወጡትን ጥንዚዛዎች ስለሚያስወግድ አይጎዳም፤ ግን ዕንቁላሉን ከፍሬው አያላቅቅም። የነፋ ሁሉ ዳነ ብሎ ማሰብ የለበትም።

ለሁለቱም የሚሆን ነገር የለም ማለቴ አይደለም። አባቶቻችን ቦሎቄና ሽምብራን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ሲያስቀምጡ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት መዝጋታቸው ነበር፤ ጥንዚዛው መመላለሻ ያጣል። አመድም ከሞላ ጎደል እንዲሁ ነው፤ ግን አንድ እፍኝ ነስንሶ መተው ምንም አይሠራም፤ ክፍተቱን የሚሞላ ያህል መሆን አለበት። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ለሁለቱም እኩል ይሠራል፤ በውስጡ ያለው ተባይ አየሩን ተንፍሶ ይጨርስና ይታፈናል። የገንዘብ አቅም ያለው ገበሬ ይግዛው። ቦሎቄው በጥርስ ሲነከስ ቀጭ የሚል ደረቅ መሆን ይኖርበታል፤ ውስጠኞቹ ላስቲኮች በየተራቸው ጠብቀው ይታሰራሉ፤ በየሳምንቱ እየተፈታ ከተዘገነበት ግን ተራ ጆንያ ሆነ ማለት ነው።

ስለ መርዝ በአጭሩ እናገራለሁ። ዲዲቲ በእህል ላይ የሚነሰነስ ነገር አይደለም፤ የተረፈ ካለም ለሚመለከተው ይመለስ። የፎስፊን ጋዝ የሚያወጣው እንክብል በሠለጠነ ሰው፣ ሰው በማያድርበት በተዘጋ መጋዘን ብቻ የሚሠራበት ነው። ሰው በሚተኛበት ቤት ጎተራ ውስጥ ማስገባት ቤተሰብ ይገድላል። ይህን ሳይናገሩ ስለ እንክብሉ የሚያወሩ ነጋዴዎች ስላሉ፣ ተናጋሪው የልማት ሠራተኛው መሆን አለበት።

ከሁሉ ይልቅ ቅር የሚያሰኘኝ ግን ከራሳችን ከምርምሩ ወገን ያለው ጉድለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሜክሲኮ የዱር ቦሎቄ ውስጥ አርሰሊን የሚባል ፕሮቲን እንዳለ፣ ይህም የለጣፊን እጭ በፍሬው ውስጥ እንዳያድግ እንደሚያደርግ ታወቀ። በኮሎምቢያ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የትሮፒካል እርሻ ማዕከል ይህን ባሕርይ ወደ እርሻ ቦሎቄ አዳቅሎ ራዝ የሚባሉትን ዝርያዎች አወጣ፤ በአገራችንም ለማዳቀል ሥራ ተፈትነዋል። እሰየው የሚያሰኝ ሥራ ነው። ነገር ግን አርሰሊን በበታኝ ላይ ያለው ኃይል ደካማ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ዘር «ነቀዝ የሚቋቋም» ተብሎ ወደ ወይና ደጋ ቢሄድና በበታኝ ቢበላ፣ ገበሬው የሚለው ምንድን ነው? ምርምር ዋሸ ይላል፤ በሚቀጥለው ዓመት የምናመጣለትን እውነተኛውንም አይቀበልም። በዘር ከረጢቱ ላይ የሚጻፈው የትኛውን ነቀዝ እንደሚቋቋም መሆን አለበት፤ አንድ ቃል መጨመር የቀለም ዋጋ አያንርም።

የልማት ሠራተኞች የሚያነሡትን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ማዳበሪያው፣ ብድሩ፣ ስብሰባው፣ የተፋሰሱ ሥራ ባለበት ሰው፣ ያለ ማጉያ መነጽር፣ የሁለት ሚሊ ሜትር ጥንዚዛ ጅራት ሲመረምር አይውልም። እውነት ነው። ግን የጠየቅኩት ጅራት እንዲመረመር አይደለም፤ እፍኝ ቦሎቄ አንሥቶ ነጭ ነጥብ አለ ወይስ የለም ማለት ነው። ቦሎቄ ለቅመው የሚያድሩ ሴቶች ይህን ነጥብ ከእኛ ቀድመው ያውቁታል፤ ማናቸውም ጠይቀዋቸው አያውቁም እንጂ። የሪፖርቱ ቅጽ አንድ መስመር ብቻ ካለው፣ «ነቀዝ» ከሚለው ጎን ለጣፊ ወይም በታኝ ብሎ በእጅ መጻፍ ይቻላል። ያልታወቀ ከሆነ ደግሞ «አልለየሁም» ተብሎ ይጻፍ፤ ከግምት ይሻላል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል፤ የአንድ አባል ጆንያ የሁሉንም መጋዘን ሊበክል ይችላልና። የማኅበሩ እህል ተረካቢ ከእያንዳንዱ መንደር ቦሎቄ አንድ ብርጭቆ ያህል ወስዶ በጠርሙስ ያስቀምጥ፤ አፉን በስስ ጨርቅ ይሰር፤ የመንደሩን ስምና ቀኑን ይጻፍበት፤ ሞቅ ባለ ቦታ ለአምስት ወይም ለስድስት ሳምንት ያቆየው። ጥንዚዛ ከወጣና በፍሬው ላይ ነጭ ነጥብ ከሌለ፣ ቦሎቄው ከማሳ ተበክሎ የመጣ ነው፤ የዚያ መንደር ገበሬዎች በሚቀጥለው መኸር ቶሎ እንዲሰበስቡና እንዲወቁ መምከር ያስፈልጋል፤ ያለውም ክምችት በቅድሚያ ይሸጥ ወይም አየር ወደማያስገባ ከረጢት ይዛወር። ነጭ ነጥብ ካለ ግን ጥያቄው ወደ ጎተራው ይዞራል፤ የገበሬው ወይስ የማኅበሩ ራሱ? ከአንድ በላይ መንደር ጠርሙስ ንጹሕ ሆኖ በመጋዘን ያለው ጆንያ ነጥብ ካበቀለ፣ ተጠያቂው መጋዘኑ ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ይህን ለአባላቱ መናገር ይከብደው ይሆናል፤ አባላቱ ግን ዋጋ የተቀነሰባቸው ለምን እንደሆነ የማወቅ መብት አላቸው።

መለየት ያቃታችሁን ወደ ምርምር ማዕከል ላኩልን። ጥንዚዛውን ብቻ ሳይሆን እፍኝ ቦሎቄውንና በወንፊት የወረደውን ብናኝ ጭምር በተዘጋ ጠርሙስ አድርጉት። የቀበሌውን ስም፣ ቦታው ቆላ ወይስ ወይና ደጋ እንደሆነ፣ ቦሎቄው የተሰበሰበበትንና የተወቃበትን ቀን ጻፉ። በሁለቱ ቀናት መካከል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ ከጥንዚዛው ይልቅ ይነግረናል።